ጠዋት የሚቆጣ፣ ማታ የሚስቅ

ስለ ፍሬን ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን ስለ ፍሬን ለማውራት መጀመሪያ ስለ እኔ ማውራት ግድ ነው። ለምን ብትሉ፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ፍሬን ዛሬም መስኮቱ ሥር ተጎልቶ የመኪና ታርጋ ሲቆጥር ይውል ነበር። ይሄ ጉራ አይደለም። ጉራ ማለት የሌለውን ማውራት ነው። እኔ ያለውን ነው የማወራው፤ ትንሽ ብቻ ሞላ አደርገዋለሁ።

ጠራዥ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመት መጽሐፍ ጠርዣለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያው ሲያፈስ መዝገቦቻቸውን ላድን ብቻ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ግማሹን ነበር የምታውቀው። ግን በዚህ ከተማ ዶክተር የተባለ ሰው ሁሉ መመረቂያው በእኔ መርፌ ሥር አልፏል። ከዚህም ከዚያም ቃርሞ ሊቅ ነኝ የሚለውን ሰው «ጥራዝ ነጠቅ» ይሉት የለ? እኔንም አንዳንዱ እንደዚያ ሊለኝ ይዳዳዋል። «እኔ ጥራዝ አልነጥቅም፣ እጠርዛለሁ» እለዋለሁ።

አንድ ሕግ አለኝ፤ ጠራዥ ሥራ ላይ አያነብም። ቀባሪ ማልቀስ ከጀመረ ጉድጓዱን ማን ይደፍናል? የገጹን ቁጥር አያለሁ፣ ጠርዙን አስተካክላለሁ፣ እበሳለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ሙጫ ቀብቼ የብረት መጫኛው ሥር አስገባለሁ። አለቀ። ይሄን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬን። ፍሬን ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳ፤ ከገበያው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ገበያ። ስሙን ያወጣለት ተሳፋሪ ነው። አንድ ቀን አስፋልት ላይ አንዲት እርግብ ቆማ እንደ ወይዘሮ ስትንጎራደድ ያያል። ፍሬኑን ሲረግጠው አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ወደ ፊት! አንዲት ደንዳና ሴትዮ ሄደው ሄደው አንድ ፖሊስ ጭን ላይ አረፉ። ተጋብተው አምስት ልጅ ወለዱ ይባላል። አምስቱን እኔ አልጨመርኩም፤ ሳገኘው አምስት ነበር። እርግቧ ግን ተረጋግታ ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ ሚስቱም ሳትቀር ፍሬን ነው የምትለው፤ ነፍሷን ይማር።

ሚስቱ ስትሞት የልጅ ልጁ ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሆስፒታል በፈረቃ ስለምትሠራ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ወጥታ አውቶቡሱን ትጠብቃለች፤ ከዚያ እስከ እናቷ ፈረቃ መጨረሻ የፊት ወንበር ላይ ነች። አፏ አያርፍም። ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ ራሱ መጮህ የለበትም፤ በዓይኑ ያሳያታል፣ እሷ በዚያች ቀጭን ድምጿ «ወራጅ አለ!» ትላለች። ፍሬን «ረዳቴ» ነበር የሚላት። አሁንም ነው የሚላት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ መነጽር አጥልቃ እንኳ።

ያመመው ይሄ ነው። ጡረታ ወጣ። አውቶቡሱ ቁርጥራጭ ብረት ሊሆን ሲል የፊቱን ወንበር ለምኖ አስነቅሎ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር በብሎን አሰረው። ልጅቱ ሄደች፣ ወንበሩ ቀረ። በየእሑዱ ስልክ ትደውላለች።

አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠና፣ «አንተ ጠራዥ፣ ከረዳቴ ጋ ወሬ አለቀብን» አለኝ።

«እንዴት ያልቃል? ወሬ ስኳር ነው እንዴ?»

«ስማኝ እንጂ። ‹አባባ ደህና ነህ?› ‹ደህና ነኝ።› ‹በላህ?› ‹በላሁ።› ‹በል ቻው።› ይሄ ወሬ ነው ወይስ የመንጃ ፈቃድ ፈተና? በሁለት ወር ውስጥ ትመጣለች። አንድ ወር ሙሉ ልትቀመጥ ነው። አንድ ወር ሙሉ ‹በላህ?› ‹በላሁ› ስንባባል ልንከርም ነው?»

ከዚያ ከጉያው ሁለት የወረቀት እሽግ አወጣ። በፖስታ የላከችለት ነው። የጥንት ቻይና ጠቢባን ከጻፉት እየመረጠች በራሷ አማርኛ አሳጥራ ያስቀመጠችው ነው አለኝ። ስትመጣ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጀማሪዎችን ልታስተምርበት ነው፤ «ወዳጅህ ጠራዡ ይጠርዝልኝ» ብላ ጽፋለች። በእኔ ነው የተማመነችው። አስምሩበት።

«እኔ ደግሞ» አለኝ፣ «እስክትመጣ አነበዋለሁ። አንድ የምንጫወተው ነገር ይኖረናል። ብቻ ጠርዘህ አንድ አድርግልኝ።»

አንድ አድርግልኝ ነው ያለው። በዚህች በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሥራውን በማግስቱ ጀመርኩ። ሁለቱን እሽግ ፈትቼ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ያን ቀን አንድ ደንበኛ ቁጭ ብሎ ነበርና፣ በሬ የሚያህለውን የመሬት መዝገብ እንዴት ብቻዬን ተሸክሜ አራት ፎቅ እንደወጣሁ እየነገርኩት፣ ስፋቱን ላሳየው እጄን ዘረጋ ሳደርግ፣ ሁለቱም እሽግ በክርኔ ሄዶ መሬት! ወረቀቱ እንደ ዶሮ ላባ ተበተነ። ደንበኛው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ ጎንበስ ብዬ ለቃቀምኩ። የገጹን ቁጥር ሳይ ሁለት ‹አንድ› አለ። ሁለት ‹ሁለት› አለ። ሁለት ‹ሦስት› አለ። የተማረ ሰው ነገር መቼ በቀላሉ ይገባል አልኩና አንዱን ከአንዱ፣ ሁለቱን ከሁለቱ እያጎራበትኩ እስከ ስድሳ አደረስኩት። ሁለቱን የርዕስ ቅጠሎች (እኛ ጠራዦች አንዱን ወረቀት ቅጠል ነው የምንለው) ከላይ። ጎኑን በስቼ በድርብ ክር ሰፋሁት፤ በቡናማ ጨርቅ ለበጥኩት። ሲያልቅ ፈረስ ቢረግጠው የማይላቀቅ ጥራዝ ሆነ። አንድ አደረግኋቸው!

ፍሬን ወስዶ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ተነሣ፤ ልክ እንደ ጋዜጣ። በማግስቱ ግንባሩን በእጁ ይዞ መጣ።

«ራሴን አመመኝ» አለ። «ሁሉም እውነት ይመስላል፣ አንዱም ትዝ አይለኝም።»

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሊቅነት። «ስትነዳ ስንት ፌርማታ ትዘል ነበር?» አልኩት።

«እኔ? አንድም!»

«ታዲያ አሁን ምን ነክቶህ ነው የምትዘለው? አንድ ቅጠል ጠዋት፣ አንድ ቅጠል ማታ። ቆመህ፣ በር ከፍተህ፣ ሰው አስወርደህ፣ ሰው አሳፍረህ። ጮክ ብለህ አንብበው። ጀርባው ባዶ ነው፤ የመጣልህን በእርሳስ ጻፍበት።»

ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ያልገባኝን ነገር እንዴት እንደሚነበብ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ፍሬን ሌላ ሰው ሆነ። በየጠዋቱ ሱቄ ይመጣል፣ ያነበውን ይነግረኛል። ከፊት ያሉትን ሁለት ርዕሶች አይቶ አንዱ የጸሐፊው ስም፣ ሌላው የመጽሐፉ ስም ነው ብሎ ደምድሟል። «ጸሐፊው ኮንፊሺየስ ይባላል» አለኝ። «መጽሐፉ ደግሞ ታኦ፣ መንገድ ማለት ነው። ስለ መንገድ የጻፈ ሰው ነው፣ ይገባሃል? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳሁበት ነገር!»

«ሹፌር ነበራ።»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ። ግን ጠባዩ ግራ ያጋባል። ጠዋት ይቆጣል፣ ማታ ይስቃል።»

እውነቱን ነበር። ቃል በቃል አልይዘውም፤ በእኔ አፍ እንዲህ ነው። ጠዋት ያነበበው ቅጠል፦ ታላቅህ ሲገባ ተነሥ፤ ስትነሣ ግን ወንበሩን አታንጫጫ፣ የሚንጫጫ አክብሮት ለተመልካች ነው። ፍሬን ይቺን እንዳነበበ ሱቄ ሲመጣ በርጩማውን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ቀስ አድርጎ ያስቀምጥ ጀመር። እኔ ሦስት ወር እበልጠዋለሁና ስገባ ብድግ ይልልኛል። በዚህ በቻይናው ሽማግሌ እጅግ ደስ አለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ የሚቀጥለውን ቅጠል ያነባል፦ ወንበር ባይኖር ማን ይነሣ ነበር? መንገዱን ያወቀ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዴት ይወድቃል? ፍሬን መሬት ላይ ተቀመጠ። ወዴትም አልወደቀም፤ ግን መነሣትም አልቻለም። በስልክ ጠርቶኝ ሄጄ በብብቱ ጎትቼ አነሣሁት። ሁለታችንም በሳቅ ፈርሰን እኔም መሬት ላይ ልቀር ነበር።

«አየህ» አለኝ እያለከለከ፣ «ጠዋት እንዲህ ብሎኝ ማታ ይሄን ይለኛል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ‹የቱ ነው ልክ?› እያልኩ እውላለሁ። ወረፋ ስጠብቅ አስበዋለሁ፣ ካልሲ ሳጥብ አስበዋለሁ። አንዳንዱ ቀን ለጠዋቱ ነው፣ አንዳንዱ ቀን ለማታው። ትናንት የጎረቤት ልጅ ሲያመናጭቀኝ የጠዋቱን አልኩት፤ ዛሬ ቧንቧው ሲፈነዳብኝ የማታውን ለራሴ አልኩ። ጎበዝ ሰውዬ ነው! ሁለት ልብ አለው።»

እንዲህ ደስ ብሎን ስንኖር ነው ጡረተኛው መምህር የመጣው። መዝገበ ቃላቱ ጀርባው ተገንጥሎበት ሊያስጠርዝ። ፍሬን ጮክ ብሎ ሲያነብ መምህሩ ጥግ ቆሞ ሰማ። ፍሬን ሲወጣ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ይዞት የወጣውን ማን ነው የጠረዘው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እነዚህ እኮ ሁለት መጻሕፍት ናቸው። ሁለት ወገን! አንደኛው የኮንፊሺየስ ወገን ነው፤ ሥርዓት፣ ቤተሰብ፣ አክብሮት፣ ራስን ማረም የሚል። ሌላው የታኦ ወገን ነው፤ ልቀቅ፣ አታጥብቅ፣ ነገሩ በራሱ ይሂድ የሚል። ሁለቱም ‹መንገድ› ይላሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። አንድ ቅጠል ከዚህ፣ አንድ ቅጠል ከዚያ አድርገህ ሰፍተኸዋል። ስኳርና ጨው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጠሃል።»

አርባ ሦስት ዓመት! የዩኒቨርሲቲ ዲን ያመሰገነኝ ሰውዬ! ግን የራሴ ስም መጥፋቱ እንኳ ይቅር። ፍሬን ታየኝ። ልጅቱ ስትመጣ ያቺን ብርቅ ወሬውን አውጥቶ «ይሄ ሽማግሌሽ» ሲላት፣ እሷ ደግሞ «የቱ ሽማግሌ አባባ? ሁለት ናቸው» ስትለው። ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ይመስላችኋል? ‹በላህ?› ‹በላሁ› እስኪሞት።

መምህሩን አፉን አስይዤ፣ መዝገበ ቃላቱንም በቆዳ ልለብጥለት ቃል ገብቼ ሸኘሁት። ልትመጣ አራት ቀን ቀርቷታል። ጥራዙን አግኝቼ ፈትቼ እንደገና መስፋት አለብኝ።

«ፍሬን፣ ያ መጽሐፍ ሙጫው አልደረቀም፤ ስጠኝና ላጠንክረው።»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው! በምንድን ነው የለጠፍከው፣ በማር?»

«ጠርዙ ተንጋዷል።»

«እኔም ተንጋድጃለሁ፤ ማን አጠነከረኝ?»

አልሰጥም አለ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ቤቱ ገባሁ። በአውቶቡሱ ወንበር ላይ ተጋድሟል፣ ጥራዙ ደረቱ ላይ። በሁለት ጣት ያዝኩት። ሳብ አደረግኩት። ሌላ ሳብ። ጫፉ እጄ እንደገባ ዓይኑን ገለጠ።

«አንተ! ጥራዝ ነጠቅ!»

በሕይወቴ ይቺ ስድብ እውነት ሆና የተሰደብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅቱ ቅዳሜ ከሰዓት ገባች። ፍሬን «ናና ሻይ አብረን እንጠጣ» ብሎኛል፤ ብቻውን ዝምታውን ፈርቶ ነው። ሻንጣዋን በሩ ጋ አቆመች፣ አቀፈችው፣ እኔንም «ጋሼ!» ብላ ሳመችኝ። ከዚያ ቀጥታ ሄዳ የአውቶቡሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፍሬን ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያንጫጫ።

«ደህና ነህ አባባ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

ሰዓቱ ይቆጥራል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። እኔ እንኳ፣ እኔ! የምለው ጠፋኝ። ፍሬን ጉሮሮውን ጠረገና ጥራዙን ከመስኮቱ ደፍ አነሣ።

«እኔ የምልሽ ረዳቴ፣ ይሄ ሽማግሌሽ ጠባዩ ምንድን ነው?»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ይሄ ጠዋት የሚቆጣው፣ ማታ የሚስቀው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ቅጠል ሲገለበጥ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሳቅ! ልጅቱ መነጽሯ እስኪወልቅ፣ የወንበሩ ብሎን እስኪንቀጫቀጭ ሳቀች። ፍሬን ከሷ ጋር ሊስቅ ሞከረ፤ ግን በምን እንደሚሳቅ አላወቀም፤ ፊቱ እየተጣጠፈ ሄደ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። መቼም ይቺን ቃል ከአፌ ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኔም አልሰማኋትም ነበር። «ተደፍቶብኝ ነው። ሁለት መጽሐፍ ነው ፍሬን። ሁለት ሰው ነው።»

«ሁለት?» አለ።

«ሁለት።»

«እኔ እኮ ሁለት ወር ሙሉ…» አለና አቆመ። እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ አንድ ሰው መስሎኝ መሐላቸው ተቀምጬ አዎ አዎ ስል ነው የከረምኩት። በይ ሻይሽን ጠጪ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብዬ ቆቤን ልፈልግ ተነሣሁ።

ልጅቱ ግን ቅጠሉን ገልብጣ ጀርባውን አየች። እርሳሱን። ሌላ ገለበጠች። ሳቋ ቀስ እያለ ሄደ። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አነበበች። የጠዋቱ ቅጠል ልጅ ከአባቱ ጋር ሲሄድ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል ይላል። የማታው ደግሞ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ከሄዱ መንገዱ ራሱ እኩል ያደርጋቸዋል ይላል። ጀርባው ላይ በፍሬን እጅ፦

«በአውቶቡስ ግን ልጅ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ስትወርድ ደህና ዋል ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አሁን ዝም ብንልም መንገዱ እኩል ያደርገን ይሆን?»

ቀና አለች። «አባባ፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እርሳሱ» አለ ፍሬን መስኮቱን እያየ።

«ስማኝ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ‹ጀማሪ ሰው ከየቱ ይጀምር?› እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አንዱን ብቻ ካነበበ ደርቆ ይቀራል፣ ሌላውን ብቻ ካነበበ ተንሳፎ ይጠፋል። ‹ቀስ በሉ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ከራሳችሁ ቀን ጋር አስተያዩት› ልላቸው አሥር ገጽ መግቢያ ጻፍኩ። አንተ ያለ መግቢያ አደረግከው!» ከዚያ ጣቷን ቅጠሉ ላይ አስቀመጠች። «ግን እዚህ ጋ ተሳስተሃል።»

«ማን? እኔ?»

«አንተ። የጠዋቱ ሰውዬ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ልጁን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። ከኋላ የሚሄድ የፊተኛው ሲደናቀፍ ያያል፤ ሊይዘው።»

«ኤዲያ! ከኋላ ሆኖ ማን ይይዛል? ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላ የመጣ ሁሉ ገጨኝ እንጂ አልያዘኝም!»

«አባባ፣ ስለ መኪና አይደለም የሚያወራው!»

«መንገድ አይልም እንዴ? እኔ ነኝ መንገዱን የማውቀው ወይስ አንቺ?»

እሷ ተነሣች፣ እሱ ተነሣ፣ ወንበሩ ተንጫጫ፣ ማንም ልብ አላለውም። ሻዬን ማን ያስታውሰው። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ልጅቱ ለጀማሪዎቿ ሠላሳ ሁለት እሽግ፣ አሥራ ስድስት ጥንድ፣ ይዛ ሱቄ መጣች። «ጋሼ፣ ልክ እንደዚያኛው አዛብተህ ጠርዝልኝ። ጀርባው ባዶ ይሁን።» እናንተ፣ ሳያውቁ መሳሳት ቀላል ነው፤ አውቆ መሳሳት ግን ሥራ ነው! የማን ቅጠል የማን እንደሆነ ለመለየት ማንበብ ግድ ሆነብኝ። አርባ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ሕግ በአንድ ሰኞ ተሰበረ። ፊደሏን እየለቀምኩ ቅጠል አንድ ላይ ስደርስ ሽማግሌው ተቆጣኝ፤ ቀጣዩ ላይ ሳቀብኝ። ሁለቱም እኔን ነው የሚያውቁኝ።

ሐሙስ ሥራውን ተሸክሜ ወደ ፍሬን ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ገና መንገዱ ላይ ሳለሁ ድምፃቸው ይሰማል። ሠላሳኛው ቅጠል ላይ ደርሰዋል፤ እሱ ይጮሃል፣ እሷ ትስቃለች፣ ከዚያ እሷ ትጮሃለች፣ እሱ ይስቃል። የምታልፍ ሴትዮ «ምነው ተጣሉ እንዴ?» አለችኝ። «ወሬ ጀመሩ» አልኳት።

«አባባ፣ በቃ ፍሬን ያዝ እንጂ!» አለች ልጅቱ ከውስጥ።

«ፍሬኑ ተበጥሷል!» አለ ፍሬን።